ባዶው የይለፍ ወረቀት

ጥቅምት 29 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር

ይህ ደብተር የጣሊያን ነው። ባለፈው ወር ከተማረከ የበቅሎ ጭነት ውስጥ ተገኘና ፊታውራሪ ያረጋል «ጽሕፈት የሚያውቅ ይውሰደው» አሉ። በዚህ ሰፈር ጽሕፈት የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተሻሚ አልነበረኝም። የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች አንድ መኮንን ለእናቱ ሳይሆን አይቀርም የጻፈባቸው፤ አልቀደድኳቸውም።

ከትናንት በስቲያ ማለዳ ከመተማ በኩል መድፍ ማጉረምረም ጀመረ። እንግሊዞች በገላባት መጡ ተባለ። ሰዉ ሰሊጡን እያጨደ ጆሮውን ወደዚያው ጥሎ ዋለ። ዛሬ ደግሞ መተማ ሳይገቡ ተመለሱ የሚል ወሬ ደረሰን። የሰዉ ፊት ጠቁሯል።

ስለ ራሴ ልጻፍ፣ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም። ውባንተ እባላለሁ። ጦርነቱ ሳይመጣ በመተማ በር የጉምሩክ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አላፊ አግዳሚውን «ይለፍህን አሳይ» እያልኩ እንጀራዬን እበላ ነበር። አሁን የፊታውራሪ ጸሐፊና ማኅተም ያዥ ነኝ። እሳቸው ከሽንፋ እስከ ገለጉ ያለውን ቆላ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ሲያስተዳድሩ አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ይሾማሉ፣ ያዘምታሉ፣ ይዳኛሉ፣ ከሰሊጡና ከማሽላው ለጦሩ ስንቅ ያስገባሉ። መንግሥት የሚሠራውን ሁሉ እሳቸው ኩመር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይሠራሉ።

በ1923 የወጣውን ሕገ መንግሥት ከታተመው ላይ በእጄ ገልብጬው ነበር፤ ሃምሳ አምስቱንም አንቀጽ። በፍየል ቆዳ ጠቅልዬ ይዤው ስሸሽ ኖርኩ። ባለፈው ክረምት ምስጥ ገባበትና ስለ ሚኒስትሮች የሚናገረውን ክፍል ጨርሶ በላው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚናገረውን አልነካም። ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «ምስጡም ማንን እንደሚነካ ያውቃል። እንግዲህ ሚኒስትሬ አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሚኒስትሬ ሆኖ ቀረ። ደስ እንደሚለኝ አልክድም።

ኅዳር 2 ቀን

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዐሥራ ሁለት ወረቀት ላይ ማኅተም መታሁ።

ቀለሙን የምሠራው ከጥላሸትና ከሙጫ ነው። ማለዳ ላይ ደህና ይታዘዛል። ፀሐይ ከበረታ ግን ሙጫው ይያያዝና ማኅተሙ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል፤ ጽሑፉ ይበላሻል። ስለዚህ ማለዳ ባዶ ወረቀቶች ላይ እመታና ቀን ጉዳይ ሲመጣ እጽፍባቸዋለሁ። ማንም አያውቅም። ፊታውራሪ ማኅተሙን ሲሰጡኝ ወንጌል አስይዘው «ቃል ሳይጻፍ ማኅተም አይመታም» ብለው አስምለውኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀለም በጥብጠው አያውቁም።

ኅዳር 3 ቀን

ሷሊህ ማለዳ እየሮጠ መጣ። ሷሊህ የመተማ ነጋዴ ነው። ጣሊያን ሱቁን ከወሰደበት ወዲህ ከሱዳን ጥይትና ጨው በአህያ እያሻገረ ያመጣልናል። በበሩ ሳለሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያልፍ ነበር። የማውቀውን ሰው ይለፉን ሳላገላብጥ አሳልፌው አላውቅም፤ እሱም ሳይስቅብኝ አልፎ አያውቅም።

«ከወዲያ አንድ መልእክተኛ ላመጣ ነው፤ የንጉሡን ወረቀት የያዘ» አለኝ። «ይለፍ ጻፍለት። አለዚያ የወንዙን መሻገሪያ የሚጠብቁት የአዛናው ሰዎች ይጨርሱታል።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ወላሂ አላውቅም። ማንን እንደሚልኩ እነሱም ገና አልቆረጡም።»

ፊታውራሪ ገለጉ ወርደዋል። ሷሊህ ፀሐይ ሳይጠና መሻገር አለበት። እኔ ንዳድ ጀምሮኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከማለዳዎቹ አንዱን ባዶ ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። ስሙንና ቀኑን እዚያ የሚሞላ አይጠፋም አልኩት።

አገላብጦ አየው። ማንበብ አይችልም፤ ባዶ መሆኑ ግን ለማንም ይታያል።

«ባዶ ነው እኮ፣ አያ ውባንተ።»

«ማኅተም አለው።»

«ማን ሰጠህ ሲሉኝስ?»

«እኔ አለሁ» አልኩት።

ከአህያዪቱ ጭነት ሥር ባለው ድሪቶ ውስጥ ሰፍቶ ደበቀውና ሄደ። እኔ ተጠቅልዬ ተኛሁ።

ኅዳር 6 ቀን

ሁለት አውሮፕላን። ሰሊጥ በሚራገፍበት አውድማ ላይ። አራት ሰው ሞተ። አንዱ የባላምባራስ አዛናው ታናሽ ወንድም ነው። አዛናው የመሻገሪያው ጠባቂዎች አለቃ ነው፤ ስድሳ ሰው አለው። ወንድሙን በእጁ ቀበረ።

«ሰፈራችንን ማን አሳያቸው?» ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ኅዳር 10 ቀን

ሷሊህን ያዙት። መልእክተኛው አልደረሰም፣ ወሩ ይለቅ ብለውት ብቻውን ሲመለስ መሻገሪያው ላይ ፈተሹት። አህያዪቱ በጥይት ወደቀች። ድሪቶውን ሲቀዱት ወረቀቱ ወጣ። ባዶ፣ ማኅተም ያለበት።

አዛናው «ማኅተማችንን ሰርቆ ለጣሊያን ሊሸጥ ነው። አውሮፕላኑንም የጠራው እሱ ነው» ይላል።

ፊታውራሪ ከገለጉ እየመጡ ናቸው። ነገ ይጠየቃል። ነገ እናገራለሁ።

ኅዳር 11 ቀን

ኩመሩ ሥር ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ። ቃል የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ፊታውራሪ ጠየቁ፤ «ይህን ወረቀት ማን ሰጠህ?»

ሷሊህ እጁ የኋሊት ታስሯል። ወደ እኔ አላየም። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አላየኝም።

«የሰጠኝ ሰው ራሱ ይናገር። እኔ ሰው አሳልፌ አልሰጥም» አለ።

አዛናው ሊመታው ተነሳ፤ ያዙት። እኔ ብዕሬን ነከርኩና ጻፍኩ፤ «ተከሳሹ ወረቀቱን የሰጠውን ሰው ስም አልናገርም አለ።» ፊደሌ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ንዳዱ ለቆኝ ነበር፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ምነው ያን ጊዜ ቢንቀጠቀጥ።

ኅዳር 13 ቀን

አዛናው «እሑድ ይሰቀልልኝ» ብሎ መጣ። ፊታውራሪ ወደ እኔ ዞሩና «ሚኒስትሬ፣ ሰው መስቀል እችላለሁ?» አሉኝ።

ተነስቼ የፍየል ቆዳዬን ፈታሁ። አንብቤም በቃሌም ተናገርኩ። ማንም ሰው በሕግ ካልሆነ አይያዝም፣ አይቀጣም፤ በሕግ ከቆመ ዳኛም አይነጠልም። ቅጣት ማቅለልና ምሕረት የንጉሠ ነገሥቱ ነው። የሞት ፍርድማ በአገራችን ልማድ ያለ ንጉሥ ቃል ተፈጽሞ አያውቅም። ሹመትና ማዕረግ መስጠትም የእሳቸው ነው። ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ «አቤት ዕውቀት» ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ።

አዛናው ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ፊታውራሪ ዞረ።

«ጌታው፣ ንጉሡ ሱዳን ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ እኔን ባላምባራስ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከሰሊጤ ስንቅ የወሰዱት እርስዎ ነዎት። ፊታውራሪነቱንስ ለእርስዎ ማን ሰጠዎት? ማኅተምዎ ላይ እኮ ግራዝማች ነው የሚለው። ያን ሁሉ ያለ ንጉሥ ሠርተው የወንድሜ ደም ላይ ሲደርሱ ሥልጣን የለኝም ይሉኛል?»

እውነቱን ነው። መንግሥት የሰጣቸው ግራዝማችነት ነው፤ ፊታውራሪ ያላቸው ሰዉ ነው። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።

አልተቆጡም። «ልክ ብለሃል» አሉት። «አገር ያለ ሥራ አይቆምምና ሠራሁ። ንጉሡ ሲመጡ ያንተን ሹመት ሊሽሩት ይችላሉ። ስንቁን መልስ ሊሉኝ ይችላሉ። ፊታውራሪ የሚሉኝንም ግራዝማች በሉት ሊሉ ይችላሉ። የዚህን ሰው አንገት ግን ከቆረጥኩት ንጉሡም አይመልሱትም። ሊመለስ የማይችል ነገር የኔ ሥልጣን አይደለም።»

ከዚያ የሰንሰለት ትእዛዝ ሰጡ። ከሳሽና ተከሳሽ በጥንቱ ልማድ በቁራኛ ይታሰሩ፤ አንድ እጅ ካንድ እጅ፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይብሉ፣ አብረው ይደሩ። ተከሳሹ ቢጠፋ ወይም ቢሞት ተጠያቂው ከሳሹ ነው።

«ዋስ ጥራና ሌላ ሰው ይታሰርልህ» አሉት አዛናውን።

«የወንድሜን ደም በሰው እጅ አላስይዝም» አለና ግራ እጁን ዘረጋ። የሷሊህን ቀኝ ከእሱ ግራ ጋር አሰሯቸው። መክፈቻውን ፊታውራሪ ያዙ።

እንግዲህ ሷሊህ አይሞትም። ሕጉ አዳነው። እኔ አዳንኩት ማለትም ይቻላል።

ኅዳር 14 ቀን

አይቻልም።

ኅዳር 21 ቀን

ኩብራ መጣች፤ የሷሊህ ሚስት። ከገንዳ ውሃ በኩል ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ የማሽላ ገንፎና የወይካ ወጥ ይዛ። ለባሏ አቀረበች፤ አዛናውም ከዚያው አጠገብ ስለሆነ ለሱም አቀረበች። እሱ የነቢያት ጾም ላይ ነው፤ ወጡ ሥጋ እንደሌለው ከማለችለት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በላ። ሷሊህም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀው። ቀኝ እጁ ከአዛናው ግራ ጋር ነውና እሱ ሲጎርስ የአዛናው እጅ አብሮ ይነሳል፤ ጾመኛን እጁን እያነሱ ምግብ ማስሸተት ነውር ነው ብሎ ነው። እንዲህ አድርጎ ሷሊህ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አብሮት ይጾማል።

ለእኔም ድርሻዬን በቅል አመጣችልኝ።

«ሷሊህ ‘አትፍሪ፣ ውባንተ አለ’ አለኝ» አለችኝ። «እኔም አልፈራሁም። ጸሐፊ ሰው ያውቃል፤ የምትናገርበትን ቀን ትመርጣለህ።»

ሁሉንም ታውቃለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወይካውን በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር፤ ይህም ያሳፍራል።

ቀኑ ሲደርስ እናገራለሁ። ችኮላ ምን ያደርጋል፣ የሚሞት ሰው የለም።

ታኅሣሥ 1 ቀን

ሷሊህ ሲሰግድ የአዛናው እጅ አብሮ መሬት ይነካል። ሰዉ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። እሑድ ደግሞ አዛናው ቅዳሴ ሲቆም ሷሊህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ በአጥሩ በር በኩል ልክ ይደርሳል። ከትናንት በስቲያ ቄሱ ሲያሳርጉ አዛናው በቀኝ እጁ ያማትብ ነበር፣ በግራው ሰንሰለቱ ሷሊህን እንዳይጎትተው ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎለታል። ማንም አልሳቀም።

ፊታውራሪ ጠሩኝ። ደብዳቤ አጽፈውኝ ሲጨርሱ እንደ ዋዛ «ማኅተሙ የት ያድራል?» አሉኝ።

«አንገቴ ላይ፣ ጌታዬ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ሌላ ደብዳቤ አዘዙኝ። ላብ አጠመቀኝ። ቆላ ነው፤ ሁሉም ሰው ያልበዋል።

ታኅሣሥ 2 ቀን

ማለዳ መምታት ትቻለሁ። ቀን ላይ እየመታሁ ሦስት ደብዳቤ ተበላሸብኝ።

ታኅሣሥ 11 ቀን

ሷሊህን ንዳዱ ያዘው። ሦስት ቀን አልበላም። አዛናው ውሃ በቅል እያጠጣው፣ ጋቢውን አልብሶት ራሱ ብርድ ላይ አደረ ይላሉ። ዛሬ በአጠገባቸው ሳልፍ ሰማሁት።

«እንዳትሞትብኝ። ብትሞት ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ሷሊህ በዚያ በደከመ ድምፁ «ታዲያ ላንተ ስል ልኑር?» አለው።

«ለማንም ስትል ኑር።» ቀጥሎ «አንተ ሰው፣ እውነት ወንድሜን አንተ ነህ ያስገደልከው?» አለው።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው ወረቀቱን የሰጠህ?»

«የሰጠኝ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው እንጂ።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ክፉ ቢለኝ እከራከር ነበር። በኋላ ጎጆዬ ገብቼ አለቀስኩ። አርባ ዓመቴ ነው።

ታኅሣሥ 22 ቀን

ከመተማ የጣሊያን ጦር ሊነሳ ነው ተባለ። ሦስት መቶ ያህል ናቸው፣ አብዛኛው ባንዳ። ማሽላው ከተወቃ በኋላ እህሉን ሊዘርፉና ሰፈሩን ሊያቃጥሉ ነው። ከገና በኋላ መሻገሪያው ላይ ይደርሳሉ።

መሻገሪያውን ከአዛናው በላይ የሚያውቅ የለም። ስድሳው ሰዎቹ ደግሞ ያለ እሱ ለማንም አይታዘዙም። እሱ ግን በሰንሰለት ላይ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊታውራሪን «ይፈቱት» አሏቸው። እሳቸው «ቁራኛ ያለ ፍርድ አይፈታም። ዛሬ ስለቸገረኝ ብፈታው ነገ ስለቸገረኝ እሰቅላለሁ» አሉ።

አዛናውን «ክስህን አንሳ» አሉት። «ሰውየው ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ግን ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ሰጪውም አልታወቀም። ሳይታወቅ ባነሳ የወንድሜን ደም ጥዬ ሄድኩ ማለት ነው። ሰጪው ይነገረኝና ዛሬውኑ አነሳለሁ።»

ፊታውራሪ የገና ቀን ከቅዳሴ በኋላ የመዝገቡ የመጨረሻ ቃል እንዲነበብ አዘዙ። የማነበው እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የገና ዋዜማ

ዛሬ ሳልጽፍ መቀመጥ አልቻልኩም።

የፍየል ቆዳዬን ፈትቼ ሕገ መንግሥቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፣ ይሽራል፣ ጦር ያዝዛል፣ ይምራል። ይህን ሁሉ አምስት ዓመት ስሰብክ ኖርኩ። ፊታውራሪን እንኳ «ይህ የእርስዎ ሥልጣን አይደለም» ብያቸዋለሁ፣ በሰው ፊት። እሳቸውም ሰምተውኛል። ስንት የጦር አለቃ ነው ጸሐፊው ሲናገረው የሚሰማው?

ምስጡ ወደ በላው ቦታ ስደርስ የቀረው የገጹ ዳር ብቻ ነው። ግን የገለበጥኩት እኔ ነኝና ፍሬ ነገሩ ትዝ ይለኛል። ሚኒስትር አሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ላቀረበውም ኃላፊ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ስገለብጠው ቀላል መስሎኝ ነበር። ጽፎ ኃላፊ መሆን። እኔ ሳልጽፍ ማኅተም መታሁ። ያ ወረቀት ላይ ማንኛውንም ነገር መጻፍ ይቻል ነበር፤ የሰው ሞት፣ የአገር ሽያጭ፣ የፊታውራሪን እጅ መስጠት። ሥልጣናቸውን አውጥቼ ለነፋስ ሰጠሁት። ሥልጣን የሌለኝ እኔ፣ ስለ ሥልጣን የምሰብከው እኔ።

የማኅተሙ ክር አንገቴን አቁስሎታል። ለካ ወር ሙሉ ስነካካው ኖሯል።

መዝገቡን አውጥቼ ነገ የማነበውን ቦታ አጠፍኩ። ሌላ ነገር አልጽፍም። ብጽፍ ምክንያት መፈለግ እጀምራለሁ።

ታኅሣሥ 30 ቀን

በስንት ቀኔ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ቸኩያለሁ፣ ጭነት ይጠብቀኛል፤ ግን ይህን ሳልጽፍ አልሄድም።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ኩመሩ ሥር ሰዉ ሞላ። ሷሊህና አዛናው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኩብራ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። መዝገቡን ከፍቼ አነበብኩ፤ «ተከሳሹ ወረቀቱን የሰጠውን ሰው ስም አልናገርም አለ።» እዚያ ላይ ጽሑፉ ያልቃል። እኔ ግን ቀጠልኩ።

«ስሙ ውባንተ ነው» አልኩ። «ማኅተሙን ቃል ሳይጻፍ በባዶ ወረቀት ላይ የመታሁት እኔ ነኝ። መሐላዬን አፍርሼ። ለመልእክተኛ ይለፍ ይሁን ብዬ ለሷሊህ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማን ሰጠህ ሲሉኝስ ሲለኝ እኔ አለሁ ብዬው ነበር። አርባ ዘጠኝ ቀን አልነበርኩም።»

ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩ። ድምፄ እስከ መጨረሻው አልተሰበረም፤ በዚህ እኮራለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አዛናው ትክ ብሎ አየኝ። ይገድለኛል ብዬ ነበር። ዞሮ ፊታውራሪን «ክሴን አንስቻለሁ። ይፍቱን፤ መሻገሪያው ይጠብቀኛል» አላቸው።

ፊታውራሪ ሰንሰለቱን በእጃቸው ከፈቱ። ሁለቱ ሰዎች የእጃቸውን አንጓ አሻሹ፣ አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን። ሰዉ እልል አለ። የኩብራ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ቀጥሎ ፊታውራሪ ወደ እኔ መጡና ማኅተሙን ከአንገቴ አወለቁ። ምስጡ የጀመረውን ሚኒስትር እኔው ራሴ ጨረስኩት።

«አውቅ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንገትህ ላይ የሚያድር ማኅተም በሌላ በማን እጅ ይመታል?»

«ታዲያ ጌታዬ፣ ለምን አልተናገሩም?»

«የማውቀው በልቤ ነው፣ በምስክር አልነበረም። በልብ ዕውቀት ልፈርድብህ ነው? እስክትናገር ሷሊህን ከአዛናው እጅ የሚያድነው ቦታ አዛናው አጠገብ ብቻ ነበር። እዚያ አስቀመጥኩት።»

ከዚያ ሷሊህን «የበደለህ ይኸው። ምን ይደረግልህ?» ብለው ጠየቁት።

ሷሊህ ሳቀ፤ ያው የመተማ በር ሳቁን። «ወላሂ፣ አህያዬ ሞታብኛለች። እስከ መሻገሪያው የሚወሰድ ሁለት ሣጥን ጥይት አለ። እሱ ይሸከምልኝ።»

እየተጠራሁ ነው።

ጥር 5 ቀን

አሸነፍን።

ሁለት ሣጥን ጥይት ከሰፈር እስከ መሻገሪያው ተሸከምኩ። ትከሻዬ ተልጧል። ሷሊህ በየመንገዱ «ሂጅ፣ ሂጅ» ይለኝ ነበር፣ አህያዪቱን እንደሚላት። አዛናው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው አሉ።

ሷሊህ ከመሻገሪያው በላይ የኮንትሮባንድ መንገድ ያውቃል፤ ወንዙ እዚያ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። በዚያ አድርጎ አዛናውንና ሠላሳ ሰው ከጠላት ጀርባ አወጣቸው። የቀሩት ሠላሳ ከፊት ቆዩ። ጠላት ውሃው መሐል ሲደርስ ከሁለት ወገን ተኩስ ወረደበት። እኔ ሣጥኖቼን ከአጠገቤ አድርጌ ጥይት በዝናር እያደልኩ ነበርና ብዙ አላየሁም። ያየሁት ግን ባንዳዎቹ ጠመንጃቸውን ጥለው ሲሸሹ፣ በቅሎዎቹም ጭነታቸውን እያራገፉ ወደ እኛ ሲመጡ ነው። እህላችን አልተነካም። ከእኛ ሁለት ቆሰሉ፤ ይድናሉ።

ማታ የገብስ ጠላ ባይኖርም የማሽላ ጠላ ነበር። አዛናው ሲፎክር የሷሊህን ስም ከራሱ ቀጥሎ ጠራ። ሷሊህ ጠላ አይጠጣም፤ ቢሆንም እስክስታውን ከሁሉም በላይ መታ።

ጥር 16 ቀን

ንጉሡ ጥር 12 ቀን ድንበር ተሻግረው የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። መልእክተኛው ደረሰና ነገረን፤ ያ ስሙ ያልታወቀው። ይለፍ አልያዘም። አዛናው ራሱ መሻገሪያው ላይ ተቀብሎ አሳለፈው።

ሰዉ መሬት እየሳመ ያለቅሳል። እኔም ሳምኩ። አፌ አፈር ሞላ፤ አልተፋሁትም።

ጥር 25 ቀን፣ መተማ

ጣሊያን ከትናንት በስቲያ መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሸሸ። ዛሬ ገባን። ይህን የምጽፈው ከበሩ አጠገብ፣ በድሮ ወንበሬ ቦታ ነው። ወንበሩ የለም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

ማለዳ ፊታውራሪ ጠርተው ለንጉሡ ደብዳቤ አጻፉኝ። ማኅተሙ አልተመለሰልኝም፣ ብዕሩን ግን ሰጡኝ። በአምስት ዓመት ያለ ሥልጣን የሠሩትን ሁሉ አንድ ባንድ አስቆጠሩኝ፤ የሾሟቸውን፣ ከየገበሬው የወሰዱትን ስንቅ፣ የዳኙትን፣ ያሰሩትን። «ሷሊህ አርባ ዘጠኝ ቀን ያለ ጥፋቱ ታስሯል፤ ጥፋቱ የኔ ነው» በል አሉኝ።

«የኔ ነው እንጂ፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

«ማኅተሙን አንገትህ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሾምኩት ሰው የሠራውን እኔ ነኝ የምጠየቅበት። ጻፍ።»

መጨረሻ ላይ «የወደዱትን ያጽኑት፣ ያልወደዱትን ይሻሩት» አስባሉኝ። ስማቸውን ልጽፍ ስል ፊታውራሪ ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዙኝ። ግራዝማች ያረጋል ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። ከቃሉ በኋላ፣ ፀሐዩ ከጠና በኋላ፣ ማኅተሙን በእጃቸው መቱት። ሙጫው ተያያዘና ወረቀቱ አብሮ ተነሳ፤ ጠርዙም ተቀደደ።

ወረቀቱን አዩና እኔን አዩኝ። «በባዶ ወረቀት ላይ የምትመታው ለዚህ ኖሯል?» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ። ቀለሙ የሚታዘዘው ማለዳ ነው።»

«ብትነግረኝ እኮ ማለዳ ደብዳቤ አጽፍህ ነበር።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አምስት ዓመት ሙሉ አልነገርኳቸውም።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ሰጡኝ፤ ባዶውን ወረቀት። ከመዝገቡ ጋር እንደ ምስክር ተቀምጦ ነበር። «ይህን አንዱን ብቻ ጨርሰው» አሉኝ።

በሩ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩበት። «የዚህ ወረቀት ባለቤት ሷሊህ ከሚስቱ ከኩብራ ጋር መተማ ወደሚገኘው ቤቱ እንዲገባ ማንም እንዳይከለክለው። ጥር 25 ቀን 1933 ዓ.ም.። ጸሐፊው ውባንተ።» ስሜን በደንብ እንዲነበብ አድርጌ ጻፍኩ።

ጠርቼ ሰጠሁት። ሄደና ከሃያ እርምጃ ርቀት ተመለሰ፣ ኩብራ ከኋላው። በሩ ላይ ጠባቂ የለም። መዝጊያውም ተነቅሏል። ብዙ ሰው እየዘፈነ በዚያ ያልፍ ነበር፤ እነሱ ግን በፊቴ ቆሙ። ሷሊህ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

ተቀበልኩት። እንደ ድሮው አገላበጥኩት። ፊትና ጀርባውን አየሁ።

«ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«አንተ» አለኝ።

«እለፍ» አልኩት።